ገነተ ልዑል፤ የአንድ ቤትና የባለቤቶቹ ታሪክ

በዐዲስ አበባ ከተማ፣ በስድስት ኪሎ አደባባይ አጠገብ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ ሰፊ ቤት አለ። የዛሬ ተማሪ «ሙዚየሙ» ይለዋል፤ ዩኒቨርሲቲው የራስ መኮንን አዳራሽ ብሎ ሰይሞታል፤ ዕድሜ የጠገቡ የከተማው ሰዎች ግን «ገነተ ልዑል» ማለትን አልተዉም። አንዱ ስም የቦታውን ውርስ፣ አንዱ የቤተሰቡን ኑሮ፣ አንዱም ቤቱ ዛሬ የሚሰጠውን አገልግሎት ስለሚናገር፣ የዚህን ቤት ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከስሞቹ ቢጀምር አይሳሳትም።

ስለ ገነተ ልዑል ብዙ ተጽፏል። ዳሩ ግን አብዛኛው የተጻፈው በውስጡ ስለ ተፈጸሙት የመንግሥት ነገሮች ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የምንፈልገው ቤቱን እንደ ቤት አድርገን ነው፤ ይኸውም አባት ለልጅ ቦታውን የተወለት፣ ለቅሶ የተቀመጡበት፣ በሽተኛ እንጠይቃለን ብለው የመጡበት፣ ጠላት የያዘው፣ ባለቤቱ የተመለሰበት፣ ኋላም በገዛ እጁ ለሌላ የሰጠው የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው።

ዐዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መልኳ የጦር ሰፈር መልክ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግቢያቸውን በኮረብታው ላይ ካደረጉ በኋላ በዙሪያው ያለውን ጉብታ ለየመኳንንቱ እንደ ማዕርጋቸው ሰጡ። እያንዳንዱም መኰንን ከጉብታው ራስ ላይ ቤቱን ሠርቶ፣ ከበታቹ ጭፍሮቹን፣ ሎሌዎቹንና ባለእጆቹን አሰፈረ፤ በመካከል ያለው ሸለቆና የወንዝ ዳር ባዶውን ቀረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር እየተባለ እስከ ዛሬ የሚጠራው የዚያ አሰፋፈር ትራፊ ነው። ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልም አብዛኛውን ዘመናቸውን በሐረር ገዥነት ቢያሳልፉም፣ በዚሁ ልማድ መሠረት ከዋናው ግቢ በስተሰሜን ይዞታ ነበራቸው። በስማቸው የሚጠራው ድልድይም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ራስ መኮንን መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ሲያርፉ ልጃቸው ተፈሪ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። የአባታቸው ግዛት ወዲያውኑ ለእርሳቸው አልተሰጠም። በዚያ ዘመን ሹመት እንደ ንጉሡ ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ ስለሆነ፣ የአባት አገረ ገዥነት ለልጅ የሚተላለፍበት የታወቀ ሕግ አልነበረም። የከተማ ቦታ ነገር ግን ከዚህ የተለየ እየሆነ ሄዷል። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የዐዲስ አበባ የቦታ ደንብ በከተማዪቱ ውስጥ ቦታ የግል ሀብት ሆኖ እንዲያዝና እንዲሸጥ ፈቀደ። በሌላ አነጋገር፣ ቀድሞ የሰፈር ቦታ የነበረው ለባለቤቱ ርስት ወደ መሆን ተሻገረ። እኔ እንደማየው የገነተ ልዑል ታሪክ ዋና መሠረቱ ይህ ነው። ሐረርን ሊያጡት ይችሉ ነበር፤ እንዲያውም ለጊዜው አጥተውት ነበር። የአባታቸው ቦታ ግን ቀረላቸው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርደው ወይዘሮ ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ ደጃዝማች ተፈሪ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ዐዲስ አበባ ሁለት ግቢ ነበራት ማለት ይቻላል። ንግሥቲቱ በምኒልክ ግቢ ተቀመጡ፤ አልጋ ወራሹ ደግሞ ከአባታቸው ቦታ ላይ የራሳቸውን ግቢ አጸኑ። ሕዝቡም አንደኛውን ትልቁ ግቢ፣ ሁለተኛውን ትንሹ ግቢ ይለው ነበር። ይህ የሁለት ግቢ ነገር ባለጉዳዩን ሳያስጨንቀው አልቀረም፤ በዚያ ዘመን ደጅ የሚጠና ሰው ከሁለቱ በየትኛው ደጅ ቢቆም ጉዳዩ እንደሚፈጸምለት አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት።

ቤቱ ራሱ፣ ማለት ዛሬ የምናየው ሕንፃ፣ የተሠራው ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ከጫኑ በኋላ፣ ከጣልያን ጦርነት ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነው። ስሙ በግዕዝ አገባብ «የልዑል ገነት» ማለት ነው። ልዑል የሚለው ቃል ለእግዚአብሔርም ለንጉሥ ልጅም ስለሚሆን፣ ገነቲቱ የማን እንደሆነች ስሙ ቁርጡን አይናገርም፤ ስም አውጪው ይህን ሳያስተውል የቀረ አይመስለኝም።

በዚህ ቦታ ጥቂት ቆመን የቤቱን አሠራር መመልከት ይገባናል። ምክንያቱም የኢትዮጵያ መኳንንት ኑሮ እንዴት እንደ ተለወጠ ከብዙ ጽሑፍ ይልቅ ይህ ቤት ያሳያል። የቀድሞው የታላቅ ሰው ግቢ አንድ ቤት አልነበረም፤ የብዙ ቤቶች ማኅበር ነበር። አጥር ውስጥ አጥር ነበረ። በውጭው አጥር ባለጉዳዩና ጭፍራው ይቆማል፤ በሁለተኛው አጋፋሪው ያሳልፋል፤ ከዚያ ውስጥ ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ከአዳራሹም ወዲያ ጌታው የሚያርፍበት እልፍኝ ይገኛል። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ የየራሱ አዛዥ አለው። እልፍኝ አስከልካይ የሚባለው ሹም ሥራው ከስሙ እንደሚታወቅ ነው፤ ወደ ጌታው የሚገባውንና የማይገባውን ሰው ይለያል። በዚህ ዓይነት ግቢ ሰው ለጌታው ያለው ቅርበት የሚለካው በመሬት ላይ፣ በተሻገረው አጥርና በር ቁጥር ነበር። በምኒልክ ግቢ ይህ ሥርዐት ሙሉ ሆኖ ይታይ ነበር።

ገነተ ልዑል ከዚህ ሥርዐት ወጣ። መኝታው፣ መቀበያው፣ መመገቢያው፣ መታጠቢያው በአንድ ጣራ ሥር ተሰበሰበ፤ ደርብ በደርብ ላይ ሆነ። ቀድሞ በአጥር ይለካ የነበረው ቅርበት አሁን በደረጃ ተለካ፤ እንግዳ ከታች ቀረ፣ ቤተሰብ ወደ ላይ ወጣ። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች ለየብቻቸው ሆነው፣ ከመኝታውም ቀጥሎ ልብስ መለወጫና በቧንቧ ውሃ የሚመጣበት መታጠቢያ ተደረገ። ይህ ሁሉ ዛሬ ለማንም የከተማ ሰው ብርቅ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ግን ሎሌ ውሃ በእንስራ ተሸክሞ የማይገባበት የጌታ ቤት አዲስ ነገር ነበር።

ይህ ለውጥ ከየት መጣ? ሁለት ነገር አንድ ላይ ሆኖ ይመስለኛል። አንደኛው የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. ዐዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ከባሕር በኩል የሚመጣው ሁሉ የሚጫነው በግመልና በበቅሎ ነበር፤ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ሰፊ መስታወት፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ በቅሎ ላይ መጫን ደግሞ ከባድ ነው። ሁለተኛው አልጋ ወራሹ በ1916 ዓ.ም. ያደረጉት የአውሮፓ ጉዞ ነው። ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅን፣ ፈረንሳይን፣ ቤልጅግን፣ ስዊድንን፣ እንግሊዝንና ሌሎችንም አገሮች ሲጎበኙ የነገሥታቱ እንግዳ ስለ ነበሩ፣ የነገሥታቱን ቤት በውስጥም በውጭም አይተዋል። ከመኳንንቶቻቸው ብዙዎቹም አብረዋቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በአገራችን የተሠሩትን የመኳንንት ቤቶች የሚመለከት ሰው ያ ጉዞ የዲፕሎማሲ ጉዞ ብቻ እንዳልነበረ ያስተውላል።

ሆኖም አሮጌው ሥርዐት ፈጽሞ አልጠፋም። ለግብርና ለታላላቅ በዓላት የምኒልክ አዳራሽ እንደ ድሮው ማገልገሉን ቀጠለ፤ ገነተ ልዑል ደግሞ የመኖሪያ ቤት ሆነ። በዚህም መሠረት የንጉሡ ሥራና የንጉሡ ኑሮ በሁለት ኮረብታ ላይ ተለያዩ። ቀድሞ እልፍኙና አዳራሹ በአንድ አጥር ውስጥ ነበሩና፣ ይህ መለያየት ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ መነን የተጋቡት በሐምሌ ወር 1903 ዓ.ም. ነው። ከጋብቻቸውም ልዕልት ተናኘ ወርቅ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን፣ ልዕልት ዘነበ ወርቅ፣ ልዕልት ፀሐይ፣ የሐረሩ መስፍን ልዑል መኮንንና ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተወልደዋል። ቤቱ ሲሠራ ታላላቆቹ ለአቅመ ጋብቻ ደርሰው ነበር፤ ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ግን ገና ሕፃን ነበሩ። እንዲህ ያለው ትልቅ ቤተሰብ በአዲሱ ቤት ተረጋግቶ የተቀመጠበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። በሚያዝያ 24 ቀን በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከተማዪቱም ለዘረፋና ለእሳት ተጋለጠች፤ ከሦስት ቀን በኋላ ማርሻል ባዶልዮ ገባ። ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት በስደት ሲኖር፣ በገነተ ልዑል የተቀመጠው የጣልያን ንጉሥ እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር።

ጠላት የአንድን ሰው ቤት ሲይዝ ቤቱን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ግራዚያኒ የንጉሠ ነገሥቱን ቤት ለመቀመጫ ሲመርጥ ሕዝቡ በዐይኑ እንዲያይ የፈለገው ነገር ነበረ፤ ባለቤቱ ሄዷል፣ አይመለስም የሚል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ያደረገውም ከዚሁ አሳብ የወጣ ነበር። በዚያን ሰሞን ለጣልያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወልዶለት ስለ ነበር፣ ደስታውን ምክንያት በማድረግ ለድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ ታዘዘ፤ ምጽዋቱም የሚሰጠው በገነተ ልዑል ደጅ ሆነ። ልብ በሉ፤ ድሆችን በበዓል ቀን በደጁ ሰብስቦ መመጽወት የኢትዮጵያ ጌታ ልማድ ነው፤ ዕለቱም በየወሩ ቅዱስ ሚካኤል የሚዘከርበት ቀን ነው። እንደራሴው የባለቤቱን ቤት ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን ወግ ጭምር ለመልበስ ፈለገ።

ድሆቹ ተሰበሰቡ፤ መኳንንቱና ካህናቱም ተጠርተው ቆሙ። በዚያ መካከል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባሉ ሁለት ወጣቶች ግራዚያኒና ሹማምንቱ ወደ ቆሙበት ደረጃ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹ ወዲያውኑ በግቢው ውስጥ በነበረው ሰው ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት ድሆችም በቤቱ ደጅ ላይ አለቁ። ከዚያም እልቂቱ ወደ ከተማው ወጥቶ ሦስት ቀን ቆየ። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ ባቀረበው ቁጥር በዐዲስ አበባ የተገደለው ሰው 30,000 ነው፤ በዘመናችን ነገሩን በሰፊው የመረመረው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 የሚደርስ ግምት ሰጥቷል። ሁለቱም ቁጥር ከሦስት ቀን ጋር ሲታሰብ ለአእምሮ ይከብዳል። አብርሃና ሞገስ ከግቢው አምልጠው ወጡ፤ ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲሄዱ ግን በመንገድ ሞቱ። በግንቦት ወርም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ዛሬ በአደባባዩ መካከል የቆመው የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው፤ ከቤቱ ደጅ እስከ ሐውልቱ ያለው መንገድ በእግር የጥቂት ደቂቃ ነው።

ጣልያኖች በዚህ ግቢ ከተዉት ነገር አንዱ በሕንፃው መግቢያ ፊት ለፊት የቆመው ወዴትም የማያደርስ ደረጃ ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ወደ ሮማ ዘምቶ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የፋሺስት ዓመት እንዲያመለክት ሆኖ ተሠራ። ቤትን ለመያዝ እንዲህ ያለ መንገድ መኖሩ ይገርመኛል፤ የገዛ ዘመኑን መቁጠሪያ በሰው ደጅ ላይ መትከል! ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዐዲስ አበባ ተመለሱ። ይህም ባዶልዮ ከገባበት ቀን ልክ አምስተኛ ዓመት ነበር። ደረጃውን ያፈርሱታል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል፤ ነገር ግን አልፈረሰም። በመጨረሻው እርከን ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔ በአገራችን ካሉት ሐውልቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥብኝ የለም። ደረጃው ሲፈርስ የተቈጠረውም ዓመት አብሮ በተረሳ ነበር፤ አንበሳው ሲቀመጥ ግን ዓመቱም ይታያል፣ መጨረሻውም ይታያል።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ሃያ ዓመት ገነተ ልዑል በእውነት የቤተሰብ ቤት የሆነበት ዘመን ነው፤ የቤተሰብ ቤት ደግሞ ኀዘን አያጣውም። በስደት አገር የአስታማሚነት ሙያ የተማሩት ልዕልት ፀሐይ ከተመለሱ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ ሞቱ። በስማቸው አባታቸው ራስ መኮንንን ያስታውሱ የነበሩት ልጅ ነበሩና፣ ኀዘኑ በአባታቸው ላይ የጠና እንደ ነበረ ሁሉም ተናግሮታል። ከዚህ ሁሉ ሞት በኋላ ወዳጅ ዘመድ፣ መኳንንትና ሚኒስትር ለልቅሶ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ይህን የማነሣው በቤቱና በመንግሥቱ ሰዎች መካከል የነበረው ግንኙነት የሹመት ብቻ እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው። በኀዘን መድረስ፣ በሕመም መጠየቅ፣ በደስታ እንኳን ደስ ያለህ ማለት ለኢትዮጵያዊ ግዴታ ነው፤ ከቤተ መንግሥትም ደጅ ሲደርስ አይቀርም።

ይኸው ግዴታ ነው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ወጥመድ የሆነው። ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጀኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ታኅሣሥ 4 ቀን መንግሥቱን ለመያዝ ተነሡ። ሚኒስትሮቹንና መኳንንቱን አንድ ባንድ በየቤታቸው ሄዶ መያዝ ድምፅ ያሰማል፤ ስለዚህ እቴጌ ታመዋል ተብሎ ተላከባቸው። ይህ ጥሪ የሥራ ጥሪ ቢሆን ኖሮ ሊጠራጠር የሚችል ሰው ሊኖር ይችል ነበር። በሽተኛ እንዲጠይቅ የተላከበት ሰው ግን ኩታውን ደርቦ ይወጣል እንጂ ምን ብሎ ይጠራጠራል? መጡ፤ ተያዙም።

የታሰሩት በቤቱ ውስጥ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ነበር። የጦር ሠራዊቱና የአየር ኃይሉ በአመፁ ላይ በተነሡ ጊዜ ውጊያው ቀርቦ ታንኮች ወደ ግቢው ሲጠጉ፣ አመፀኞቹ በእስረኞቹ ላይ በመትረየስ ተኮሱ። አሥራ አምስት ሰው ሞተ። ከሞቱት መካከል ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ አቶ መኮንን ሀብተ ወልድ፣ ሜጀር ጀኔራል ሙሉጌታ ቡሊ፣ ደጃዝማች ለጥይበሉ ገብሬ፣ አባ ሐና ጅማ ነበሩ።

ከእነዚህ ስሞች በራስ አበበ አረጋይ ላይ ጥቂት እንድቆም ይፈቀድልኝ። ግራዚያኒ በዚህ ቤት ተቀምጦ ኢትዮጵያን ገዛሁ ባለበት ዘመን፣ ራስ አበበ በሸዋ ጫካ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይያዙ የተዋጉት የአርበኞች አለቃ ነበሩ። የጣልያን ጦር ሊያገኛቸው ያልቻለውን ሰው የወገን መሣሪያ በዚሁ ቤት ሳሎን ውስጥ አገኛቸው። ጀኔራል ሙሉጌታ ቡሊም ቀድሞ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ፤ የተኮሱባቸው እርሳቸው ያሠለጠኑት ክፍል ሰዎች ናቸው። ስለ አመፁ ምክንያትና ስለ አመፀኞቹ አሳብ ብዙ ክርክር አለ፤ ገርማሜ ንዋይ ስለ ገበሬው መከራ ያነሣው ነገር ሐሰት ነበር የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን የመንግሥትን ለውጥ በበሽተኛ ጥየቃ ስም መጀመር፣ እንግዳንም በሳሎን ውስጥ መግደል፣ በየትኛውም አሳብ ስም ቢሆን ከአገራችን ወግ ጋር የሚታረቅ ነገር አይደለም። ገርማሜ ሲሸሹ ሞቱ፤ ጀኔራል መንግሥቱ ተይዘው ከተፈረደባቸው በኋላ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተሰቀሉ።

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ በገነተ ልዑል አልኖረም። ለሃያ አምስተኛው ዓመት የንግሥ በዓል ወደ ተሠራው ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወረ። እቴጌ መነንም የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ልዑል ሣህለ ሥላሴም በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ዐረፉ። በአባታቸው ቦታ ላይ የሠሩትን ቤት ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ከአመፁ እስከዚህ ቀን ያለው አንድ ዓመት ብቻ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ደም የፈሰሰበትን ቤት ለቅቆ መሄድ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው፤ ቤቱን ዘግቶ መተው ግን ይቻል ነበር፤ ወታደር ማስፈርም ይቻል ነበር። መጽሐፍ ማስገባቱ የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ በሕይወታቸው ካደረጉት ሁሉ ብዙ የሚነቅፏቸው ሰዎች እንኳ ይህን አይነቅፉም። ሕንፃው በራስ መኮንን ስም መጠራቱም ቤቱ ከየት እንደ መጣ የሚናገር የልጅ ቃል ነው።

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉት የፖላንድ ሰው ናቸው። የፓንክረስት እናት ሲልቪያ ፓንክረስት በወረራው ዘመን በለንደን በሚያሳትሙት ጋዜጣ የየካቲት 12ን እልቂት ለዓለም ሲያሰሙ የነበሩ ሴት ናቸው። እናቲቱ ከሩቅ ሆነው ስለ ደጁ የጻፉለትን ቤት፣ ልጃቸው በውስጡ ተቀምጠው የኢትዮጵያን መጻሕፍት ሰበሰቡ።

ይሁን እንጂ ቤትን የሰጠ ሰው ከቤቱ ምን እንደሚወጣ ሊያዝዝ አይችልም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ አደባባይ ወጡ። ቦታው ከርስት ሕግ የተገኘ፣ ቤቱ በርስት ላይ የተሠራ መሆኑን ስናስብ ነገሩ የሚያስገርም ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግሥቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ወደ ግቢው አምጥተው ሲያለቅሱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው፤ ከተማሪዎቹም የሞቱ አሉ። በዚህ ግቢ ደም ሲፈስ ይህ ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ተኳሹ ጠላት ነበር፤ በሁለተኛው ባለቤቱ አልነበሩም፤ በሦስተኛው ግን ተኳሾቹ የባለቤቱ የራሳቸው ወታደሮች ነበሩ። ቤቱን በመስጠታቸው ያመሰገንናቸውን ያህል ይህንንም መጻፍ ይገባናል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወርደው በአንድ ትንሽ ቮልስዋገን መኪና ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ፤ ነሐሴ 21 ቀን በዚያው ዓመት ሞቱ። አፅማቸው ከደርግ መውደቅ በኋላ በምኒልክ ግቢ ተገኝቶ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ተለውጦ የዐዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቤቱ ግን ስሙ ቢለወጥም ተቋሙን እንደ ያዘ ቀረ፤ ዘውድ የወደቀበትን ዘመን ሁሉ ያለፈው መጽሐፍና የባላገር ዕቃ ስለ ነበረበት ይመስለኛል።

ዛሬ ወደ ሙዚየሙ የሚገባ ሰው የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዕቃ በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ተደርድሮ ያገኛል። መጀመሪያ የልጅነት፣ ቀጥሎ የጉልማስነትና የሥራ፣ በመጨረሻም የሞትና ከሞት በኋላ ያለው ነው። ከብዙ አገር የመጣ የሕፃን መጫወቻ፣ የገበሬ ዕቃ፣ የመቃብር ሐውልት፣ ቀድሞ የአንድ ቤተሰብ ብቻ የነበሩትን ክፍሎች ሞልቷቸዋል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል፣ ልብስ መለወጫውና መታጠቢያው ግን እንደ ነበሩ ተጠብቀዋል። በመስታወቱ ላይ ከታኅሣሥ 1953ቱ ተኩስ የቀረ የጥይት ቀዳዳ አለ።

ባለፈው ጊዜ ስገባ ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ከመኝታው ክፍል በር ላይ ተሰብስበው ነበር። አስተማሪያቸው ስለ ዘውዱ ሲነግራቸው ዐይናቸው አልጋው ላይ ነበር፤ አልጋው ትንሽ ሆኖባቸዋል። አንዲት ልጅ፣ ምናልባት ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቀዳዳውን በጣቷ እያመለከተች ማን እንደ ሰበረው ጠየቀች። አስተማሪው ጥቂት ካሰበ በኋላ ታሪኩን ከመጀመሪያው፣ እቴጌ ታመዋል ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ፣ ይነግራት ጀመር።